የተቃጠሉት 34 ደብተሮች

ደብረ ብርሃን ስሟን ከየት እንዳገኘች የማያውቅ የሸዋ ልጅ የለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በሰማይ ብርሃን ታያቸው፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቀሪ ዘመናቸውንም በዚያው ብርዳም ሜዳ ላይ አሳለፉ። ይህን ያህሉን ሕፃን ልጅም ይነግረናል። ብርሃኑ ከመታየቱ አስቀድሞ በድንጋይ ስለተወገሩት ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ ስንጠይቅ ግን ጨዋታው ይቀየራል። ታሪካችን እንዲህ ነው፤ ግማሹ ለበዓል ይወጣል፣ ግማሹ ጓዳ ይቀራል።

እኛ ዛሬ ከጓዳው አንዱን ጎትተን ልናወጣ ነው። ለዚህም ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ወደ ተንጠለጠለችው አንኮበር መሄድ ያስፈልጋል።

አንኮበር ሲባል ቶሎ የሚታወሰን የምኒልክ ግቢ ነው። ይሁንና ከእርሳቸው በፊት በአያታቸው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እንኳ ከተማዪቱ የእንግዳ ድርቅ አልነበረባትም። ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ተቀምጦባታል፤ በ1834 ዓ.ም. የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርሟል። ድሜጥሮስ የሚባል የውጭ አገር ባለ እጅም ለንጉሡ በውሃ የሚዞር ወፍጮ ሠርቶላቸው ነበር። ወፍጮው ዞረ፣ ፈጨም። ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» አሉና ብዙ ሳይቆይ ቆመ፤ የግቢው ፈጪዎችም ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ። ይህን ሰምተን መሳቅ ይቀናናል። በጉልበቷ ተንበርክካ እስከ ሌሊት ለፈጨችው ሴት ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም።

የዛሬው ዋና ጉዳያችን ወደ 1879 ዓ.ም. ይወስደናል። በጥር ወር መጨረሻ ላይ አንድ የ32 ዓመት ፈረንሳዊ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አራት ወር ያህል በግመል አቋርጦ አንኮበር ገባ። የጫነው ከ2,000 በላይ ጠመንጃና 60,000 ጥይት ነው። ስሙ አርቱር ራምቦ ይባላል። አዎን፣ ያው በሥነ ጽሑፍ ክፍል የምንሰማው ራምቦ! ግጥም መጻፉን በእኛ ዕድሜ፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ እርግፍ አድርጎ ትቶ ነጋዴ የሆነው ሰው።

ሲደርስ ንጉሡ የሉም። ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ለመያዝ ዘምተው ነበር፤ መቀመጫቸውንም አስቀድመው ወደ እንጦጦ አዙረዋል። አንኮበር እንግዲህ ባለቤቱ ወጥቶ የሄደበት ቤት እየመሰለች ነበር። ራምቦም እንደገና ጭኖ ወደ እንጦጦ መውጣት ግድ ሆነበት።

ችግሩ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ንግዱን የጀመረው ከፒየር ላባቱ ጋር በሽርክና ነበር። ላባቱ ሸዋ ውስጥ ለዓመታት ኖሮ፣ ቤትና መሬት ይዞ፣ ሐበሻ ሚስት አግብቶ ከምኒልክ ጋር የሚነግድ ፈረንሳዊ ነው። ጭነቱ ታጁራ ላይ ተይዞ ሳለ ካንሰር ያዘውና አገሩ ሄዶ በ1886 እ.ኤ.አ. ሞተ። ሊተባበረው የነበረው ሶሌዬም በዚያው ዓመት ኤደን ላይ አረፈ። ለራምቦ የቀረው ጠመንጃውና የሟቹ ዕዳ ነው።

ዕዳውስ ምን ዓይነት ዕዳ! ገና ወሬው ሲሰማ አበዳሪ ነኝ የሚለው ሁሉ እንደ ጉንዳን ወረረው። ንጉሡም ከተመለሱ በኋላ የላባቱን ዕዳ ከሒሳቡ ላይ ቀነሱበት። ከሁሉ የሚያሳዝኑት ግን ዘመዶቻቸው ላባቱን ሲያገለግሉ በመንገድ የሞቱባቸው ድሆች ናቸው። ራምቦ በጥቅምት 1880 ዓ.ም. ኤደን ለነበረው የፈረንሳይ ቆንስል በጻፈው ረጅም ደብዳቤ፣ እነዚህ ሰዎች እውነተኞች እንደነበሩና አንጀቱን እየበሉት እንደከፈላቸው ይናገራል። አንድ ፈረንሳዊም 20 ብር አለኝ ብሎ ቢመጣ ከፈለው፤ ሰውየው በባዶ እግሩ መሆኑን ቢያይ የራሱን ጫማ ወለድ አድርጎ ጨመረለት። ክፉ ሰው ነበር ለማለት እንዲህ ያለው ነገር ያስቸግራል።

የላባቱ ሚስት ደግሞ በበኩሏ ተሟገተችው። ራምቦ ከንጉሡ አዛዥ ዘንድ ንብረቱን የመያዝ ፈቃድ አግኝቶ ቤቱን ቢያስፈትሽ፣ ያገኘው ጥቂት አሮጌ የውስጥ ሱሪ፣ የጥይት ማቅለጫ ቅርጽና ደርዘን የሚሆኑ እርጉዝ ባሮች ነው። ሱሪዎቹን ሚስትየዋ እያለቀሰች ወሰደች፤ ባሮቹን እዚያው ተዋቸው። ባሮቹ ምን ሆኑ? ደብዳቤው በግማሽ መስመር ያልፋቸዋል፤ እኛ ደግሞ ከዚያ ግማሽ መስመር ላይ መነሣት አልቻልንም።

ሌላም ነገር ተገኝቶ ነበር። 34 ደብተር፣ ላባቱ ስለ ራሱ ሕይወት የጻፈው ማስታወሻ። ራምቦ በግርድፉ ገለጥ ገለጥ አደረገና ቁም ነገር የለውም ብሎ ፈረደ። ከዚያም እዚያው በሴትየዋ ቤት፣ እርስዋ እየረገመችው፣ አንድ በአንድ እሳት ውስጥ ጨመረው። በኋላ ነው በወረቀቶቹ መካከል የመሬት ይዞታ ሰነዶች እንደነበሩና ትልቅ ጥፋት መፈጸሙን የነገሩት።

እስቲ እናስበው። የሸዋን ገበያ፣ የጠመንጃውንና የባሪያውን ንግድ፣ የግቢውን ወሬ በየዕለቱ የሚያይ ሰው 34 ደብተር ሙሉ ምን ይጽፋል? ሐሜት ሊሆን ይችላል፤ ጉራም ሊሆን ይችላል። የታሪክ ተማሪ ግን ጉራም ይጠቅመዋል። ደብተሩን ያቃጠለው ደግሞ ማንበብ የማያውቅ ወታደር ወይም ሰይጣን ያየ ቄስ አይደለም፤ በአውሮፓ የግጥምን መልክ የለወጠ ሰው ነው። የድሜጥሮስን ወፍጮ ባስቆሙት ካህናት የሳቅን ሁሉ እዚህ ላይ ምን እንል ይሆን?

ከአንኮበር ትንሽ ራቅ ብሎ ልጥ ማረፊያ አለ። ምኒልክ ለጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት ቦታ ነው። በ1868 ዓ.ም. ሸዋ የገቡት ሽማግሌው ማርኬዝ አንቲኖሪ በአደን ላይ በጠመንጃ አደጋ ቀኝ እጃቸው ተጎድቶ እንኳ ወፍ መሰብሰባቸውን አልተዉም፤ በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞተው ከዛፍ ሥር ተቀበሩ። የሰበሰቧቸው ወፎች ተገንዘው ጄኖቫ ሙዚየም ገቡ። የአንኮበር ወፍ ተመዝግባ፣ ቁጥር ተሰጥቷት በጣልያን አገር ትኖራለች። የአንኮበር ዘመን ሰዎች የተጻፉበት 34 ደብተር ግን አመድ ሆኗል።

ሴትየዋ በራምቦ ደብዳቤ ውስጥ «መበለቲቱ» ናት። ፈረንሳይኛ ማንበብ ባትችል እንኳ ወረቀቱ መቃጠል እንደሌለበት በዚያ ቤት ውስጥ የተናገረችው እርስዋ ብቻ ናት፤ የተናገረችውንም ገጣሚው ርግማን ብሎ ጻፈው።