ልጅዎ «ዶክቶራት እቀጥላለሁ» ካለዎት



ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ሁለተኛ ዲግሪ ጨርሶ «አሁን ደግሞ ዶክቶራት እማራለሁ» ቢልዎ፣ «መቼ ሥራ ሊይዝ ነው? ማንስ ይከፍልለታል?» ማለትዎ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ስትራክቸራል ባዮሎጂ በሚባለው የጥናት ዘርፍ እንየው።

ምን ያጠናል?

ቁልፍ በር የሚከፍተው ጥርሱ ከቀዳዳው ጋር ሲገጥም ነው። መድኃኒትም ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ቅርጹ ሲገጥም ነው። የዚህ ዘርፍ ተመራማሪዎች የፕሮቲኖችን ቅርጽ በኤክስሬይ፣ ወይም ናሙናውን እጅግ አቀዝቅዘው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያወጣሉ። አገር ቤት ለዓይን ሕመም እንቀባው የነበረውን ቴትራሳይክሊን ታስታውሳላችሁ? ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም የተባለ ክፍል ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። በየት በኩል እንደሚይዘው ለይቶ ያሳየው ይህ ጥናት ነው።

የአዳ ዮናት መንገድ

ፕሮፌሰር አዳ ዮናት በ1939 ዓ.ም. (በፈረንጅ) ኢየሩሳሌም ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ፣ እየተማሩ እናታቸውን በሥራ ያግዙ ነበር። በ1968 ከእኛ ከአሽዶድ ብዙ በማይርቀው በሬሆቮት ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ዶክትሬታቸውን ሠሩ። የራይቦዞምን ቅርጽ ለማወቅ ሲነሡ ብዙ ባለሙያ «አይሆንም» ብሏቸው ነበር። ከተጠቀሙባቸው ደቂቅ ፍጥረታት አንዱ የተገኘው ከሙት ባሕር ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ለፍተው ተሳካላቸው። በ2009 ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ከእስራኤል ሴቶች ኖቤል ያገኙ የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው።

ማን ይከፍላል?

በዋይዝማን የዶክትሬት ተማሪ የትምህርት ክፍያ የለበትም። እንዲያውም «ሚልጋ» የሚባል የኑሮ ድጎማ ይሰጠዋል። የሃይቴክ ደመወዝ ያህል አይሆንም፤ ተማሪው ግን ቀኑን ሙሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ጥናቱ አብዛኛውን ጊዜ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል፤ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። በኢየሩሳሌም፣ በቴል አቪቭ፣ በቤርሼባና በሃይፋም ዘርፉ አለ፤ ክፍያውና ሚልጋው ግን እንደየቦታው ይለያያል።

እንዴት ይገባል?

ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ ወይም ፊዚክስ የተማረ፣ በሁለተኛ ዲግሪው የምርምር ጽሑፍ የሠራ ተማሪ ቢሆን ይመረጣል። ከሁሉ በፊት «መንሔ» የሚባለውን፣ ጥናቱን የሚመራለትን ፕሮፌሰር ፈልጎ መነጋገር አለበት።

እርስዎ ምን ይጠይቁት?

• ሚልጋው ስንት ነው? ለስንት ዓመትስ ነው?
• መንሔህ ማን ነው? ከዚህ በፊት ያስመረቃቸው የት ደረሱ?
• ስትጨርስ የት ትሠራለህ? ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል ወይስ መድኃኒት ፋብሪካ?

መምህር ሳለሁ፣ ትምህርቱን ትቶ የሄደ ጎበዝ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። አንዳንዱ አቅቶት አልነበረም፤ ቤት ያለው ሰው የሚማረው ነገር ስላልገባው ነበር። ስለዚህ «በቃህ» ከማለታችን በፊት ቁጭ ብለን እንጠይቀው። ሰላም ሁኑ።