ያልተቆጠሩት እናቶቻችን

ጢቾ ባደረግነው ስብሰባ የአባቶቻችንን ስም እስከ ሰባት ቤት ቆጠርን። የእናታችን እናት ማን ትባል እንደነበር ስንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን ዝም አልን።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ ከ1776 እ.ኤ.አ. በፊት በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች የኖረች ሴት ስታገባ የባሏን ስም ስለምትይዝ፣ ዛሬ ወላጆቿን የሚፈልግ ሰው ይቸገራል። የአርሲ ኦሮሞ ሴት ግን ብትዳርም የአባቷን ስምና ጎሳ አትለቅም። የኛ ጉድለት ዘር የሚቆጠረው በአባት ብቻ መሆኑ ነው። በሠርጋችን ሲንቄ ያስያዙን፣ ሲንቄ ይዘው ወጥተው የተጣላ ያስታረቁ እናቶች ከቆጠራው ቀርተዋል።

አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ እንጠይቅ። እያንዳንዳችን የእናታችንን፣ የሴት አያታችንንና የቅድመ አያታችንን ስም ከነትውልድ ቀያቸው ይዘን እንምጣ፤ በማኅበራችን መዝገብ ይጻፋል።