የወንበሩ ባለቤት ማን ነው? አለቃ ታዬ በበርሊን

ዛሬ የምቀዳው ከቤት አይደለም። ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ከኋላ የሚሰማችሁ ጉርምርምታ የጭነት መኪና ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። እዚህ የመጣሁት አንዲት አድማጫችን ሚሽማሬቷን እስክትጨርስ ልጠብቃት ነው። ስሟን አልናገርም፣ እሷም አትፈልግም። በሳምንት አምስት ቀን ፋብሪካ ትሠራለች፣ አንድ ቀን ደግሞ ኮሌጅ ገብታ አማርኛ ታስተምራለች። ኮሌጁንም አልጠራውም።

የጻፈችልኝ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ተማሪዎቼ ፕሮፌሰር ይሉኛል። ወረቀቱ ላይ ግን ሞራ ሚን ሃሁጽ ነኝ፣ የውጭ አስተማሪ። ውሌ ሴሜስተር ሲያልቅ ያልቃል። እኔ የዚያ ዲፓርትመንት ሰው ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ታሪክ ነው የምወደው። ጥያቄዋን ሳነበው ትዝ ያሉኝ አንድ ሰው አሉ፤ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ።)

አለቃ ታዬ የበጌምድር ሰው ናቸው፣ የይፋግ ልጅ። ልጅ ሳሉ ወላጆቻቸው ሞቱባቸው፤ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፣ ግዕዙንና ቅኔውንም ከአገር ቤት ሊቃውንት ቀሰሙ። የሰዋስው መጽሐፍ ጽፈው አሳትመዋል። በ1905 የጀርመን መልእክተኞች በፍሪድሪሽ ሮዘን መሪነት አዲስ አበባ መጥተው ከአፄ ምኒልክ ጋር ውል ተፈራረሙ። በዚያው ዓመት አለቃ ታዬ ወደ በርሊን ሄዱ፣ የምሥራቅ ቋንቋዎች ሴሚናር በሚባለው ቦታ ግዕዝና አማርኛ ሊያስተምሩ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። ያ ሴሚናር በ1887 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሥር የተቋቋመ ነው። ሥራው አስተርጓሚና የቅኝ ግዛት ሹም ማሠልጠን ነበር። አሠራሩ ደግሞ ጥንድ ነው፦ ለአንድ ቋንቋ አንድ ጀርመናዊ መምህር፣ ከጎኑ አንድ የቋንቋው ተወላጅ። ተወላጁ «ሌክቶር» ይባላል። ጀርመናዊው ሰዋስው ያስረዳል፣ ሌክቶሩ ያነባል፣ ያናግራል፣ አነጋገር ያርማል። ሌክቶሩ የሚቀጠረው ለተወሰኑ ዓመታት ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ወደ አገሩ።

ከአለቃ ታዬ በፊት እዚያው ሴሚናር ስዋሂሊ ያስተማረ አንድ ሰው ነበር፣ ምቶሮ ቢን ምዊኒ ባካሪ የሚባል፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ ሰው። ስለ ስዋሂሊ ሕዝብ ልማድ ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጀ። በ1903 ሲታተም በአዘጋጅነት የፊት ገጹን የያዘው የጀርመናዊው የካርል ፌልተን ስም ነው። ምቶሮ ተማሪዎቹ እንደ መምህር አያከብሩኝም ብሎ አቤት ብሎ ነበር። በ1905 ከሥራው ወጣ። አስቡት፣ አለቃ ታዬ በርሊን የገቡት በዚያው ዓመት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላኛውን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ኦይገን ሚትቮህ፣ ሃይማኖቱን የሚጠብቅ አይሁዳዊ፣ በ1876 የተወለደ። አለቃ ታዬን በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ያንሳል። አማርኛ ሕዝባዊ ንግግሮችን ሰብስቦ በ1907 ያሳተመው ከአለቃ ታዬ አንደበት እየሰማ ነው። የግዕዝ ባህላዊ ንባብ እንዴት እንደሆነ የጻፈው ጥናትም፣ በ1926 የወጣው፣ በሳቸው አነባበብ ላይ የቆመ ነው። የት ይጠብቃል፣ የት ይላላል፣ የቱ ይወድቃል የቱ ይነሣል፣ ይኸ ሁሉ እኮ በአብነት ትምህርት ቤት በጆሮ የተወረሰ ነው። የአውሮፓ ምሁራን ግዕዝን ለሁለት መቶ ዓመት በዓይን ሲያነቡት ኖረዋል። በጆሮ የሰሙት ከሊቃውንቱ ነው።

ታዲያ ሚትቮህ ሌባ ነበር? እኔ እንደዚያ አልልም። የሰማው ከማን እንደሆነ አልደበቀም። ደግሞም እሱ ራሱ በዚያ ጊዜ «ፕሪቫትዶዘንት» ነበር። ይኸ ምን ማለት ነው፦ ዩኒቨርሲቲው የማስተማር ፈቃድ ሰጥቶሃል፣ ደመወዝ ግን የለህም፣ የምታገኘው ተማሪ የሚከፍልህን ነው። በጀርመን ብዙ አይሁድ ምሁራን ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ደረጃ ላይ ቀርተዋል። ሚትቮህ ግን ወጣ፤ ፕሮፌሰር ሆነ፣ የዚያው ሴሚናር ዳይሬክተርም ሆነ። በ1935 ናዚዎች አይሁዳዊ ስለሆነ አባረሩት። ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፣ በ1942 ለንደን ሞተ። ሹመቱም ቅቪዑቱም አላዳነውም።

ልዩነቱ ግን አለ። ፕሪቫትዶዘንት መሰላል አለው፣ ቢዘገይም ወደ ላይ ይወጣል። የሌክቶር ወንበር መሰላል የለውም። አለቃ ታዬ በ1908 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሃይማኖታቸው ተከሰሱ፣ ታሰሩ። እንዲያም ሆኖ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1922 አሳተሙ፣ በገዛ ስማቸው። በ1924 ዐረፉ።

በገዛ ስም ስል አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ሳልጠቅስ አላልፍም። በዚያው ዘመን ናፖሊ ውስጥ በምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ያስተምር ነበር። የአማርኛ ሰዋስው በጣልያንኛ በ1905፣ «ልብ ወለድ ታሪክ» ደግሞ በ1908 ሮም ላይ፣ ሁለቱም በራሱ ስም። በፖለቲካው እኔ አልወደውም፣ በኋላ ከጣልያን ወራሪ ጋር የቆመ ሰው ነው። ግን መጽሐፉ ላይ ስሙ አለ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ አሉ፣ በ1652 ጎታ ድረስ ሄደው ሂዮብ ሉዶልፍን ያስተማሩ። ሹመትም ውልም አልነበራቸውም፣ የመስፍኑ እንግዳ ነበሩ። ሉዶልፍ ግን የተማረው ከማን እንደሆነ በመጽሐፎቹ ደጋግሞ በስም ጻፈ፣ ሥዕላቸውንም አሳተመ። ይኸም ዛሬ አባ ጎርጎርዮስን እንድናውቃቸው አደረገ።

የኛ ቤት ታሪክም አለበት። ለቤተ እስራኤል ትምህርት የደከመው ዣክ ፋይትሎቪች ግዕዝ የተማረው ፓሪስ ከዮሴፍ ሃሌቪ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረውም የኢትዮጵያን ቋንቋ ነው። የሰበሰባቸው መጻሕፍት ዛሬ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ሄዳችሁ እዩአቸው፣ የመግቢያ ካርድ ያለው ጓደኛ አታጡም።

እና እህቴ፣ ጥያቄሽ ላይ ልመለስ። የዲፓርትመንቱ ሰው ነኝ ወይ ላልሽው፣ አለቃ ታዬም በወረቀት አልነበሩም። ግን ያለ እሳቸው የግዕዝ ክፍል ድምፅ አልነበረውም። ከዚህ ይልቅ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፦ ለኮሌጁ ያዘጋጀሽው የአማርኛ ማስተማሪያ ላይ የማን ስም ነው ያለው? የጽሑፍ ውልሽንስ አንብበሻል? ከ2002 ወዲህ ባለው ሕግ አሠሪ የሥራውን ሁኔታ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት፣ ሆዳዓ ለዖቬድ ይሉታል። ከ2008 ጀምሮም ፔንሲያ ግዴታ ነው፣ ለአንድ ቀን አስተማሪም ቢሆን ትሉሽሽን አውጥተሽ እዪ። ወላጆቻችን በካብላን ሲሠሩ ይኸን የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። በአንድ በር ይገባሉ፣ ያንኑ ማሽን ይነካሉ፣ ባጃቸው ግን ቀለሙ ሌላ ነበር።

በሉ፣ ሰው ከበሩ መውጣት ጀምሯል። ያቻትና፣ እጇን እያወዛወዘች ነው። ማስተማሪያ ጽሑፏን ይዛልኝ እንድትመጣ ነግሬያት ነበር፣ የፊት ገጹን አብረን ልናየው። መቅጃውን ላጥፋ።