የዓሣ ዘይት፣ ተልባና የደም ስብ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለሉ የደጋ ከተሞች ናቸው፤ ከባሕር ጠረፍም እጅግ ይርቃሉ። እንዲህም ሆኖ የባሕር ዓሣ ዘይት በእንክብል ታሽጎ ወደ መድኃኒት መደብሮች ይደርሳል። ደምህ ስብ በዝቶበታል የተባለ ሰው እንክብሉን ገዝቶ ሐኪሙ ያዘዘለትን መድኃኒት ቢተው አደጋው የራሱ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ይህን ስም ከየት እንዳገኘው መመርመር ይገባል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሃንስ ኦላፍ ባንግና ዮርን ዲየርበርግ የተባሉ የዴንማርክ ሐኪሞች በ1970 ወደ ግሪንላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ተጕዘው ከ130 የኢኑዊት ተወላጆች ደም ወሰዱ። የዚያ ሕዝብ ምግብ ዓሣና የባሕር አውሬ ሥጋ ከነስቡ ነበር። ይህን ያህል ስብ የሚበላ ሰው ደሙ በስብ የተሞላ ይሆናል ብሎ መገመት አያስነውርም። ዳሩ ግን በ1971 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እንደ ገለጡት፣ በኢኑዊቶች ደም ያለው ትራይግሊሰራይድ በዴንማርክ ከሚኖሩት ሰዎች እጅግ ያነሰ፣ ኮለስትሮሉም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን በኋላ ኦሜጋ ሦስት ለሚባለው የባሕር ስብ ሰጡት።

ከዚህ ወዲያ ነገሩ ከሐኪም እጅ ወደ ነጋዴ እጅ ተሻገረ። ሁለቱ ሐኪሞች ግን የሕዝቡን የልብ ሕመም ራሳቸው አልመረመሩም፤ የተደገፉት በመዝገብ ላይ ነበር። በ2015 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ኢኑዊቶች ለስብ ምግብ የተስማማ ልዩ የዘር ውርስ እንዳላቸው አሳዩ። ለግሪንላንድ አዳኝ የሆነው ለሱሉልታ ገበሬ እንዲሁ ይሆናል ማለት ታዲያ ችኰላ ነው።

በ2004 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተጣራ የዓሣ ዘይት የፈቀደው ትራይግሊሰራይዳቸው 500 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሕሙማን ነው፤ መጠኑም በቀን 4 ግራም ነው። ዘይቱ ክፉ የሚባለውን ኮለስትሮል አይቀንስም፤ አንዳንድ ጊዜም ከፍ ያደርገዋል። ተራው የ1 ግራም እንክብል ከያዘው ውስጥ ኦሜጋ ሦስቱ 300 ሚሊግራም ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የመድኃኒቱን መጠን ለማግኘት በየቀኑ ወደ 11 እንክብል መዋጥ ያስፈልጋል! በ2018 በ8,179 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አንድ የተጣራ የኦሜጋ ሦስት ዓይነት የልብ አደጋን በ25 በመቶ ቀነሰ ሲል፣ በ2020 ድብልቁን የፈተነው ሌላ ጥናት ጥቅም አላገኘም። በሁለቱም የልብ ምት መዛባት በዝቶ ታይቷል። በሁለቱም ጥናቶች የተሳተፉት ሕሙማን ስታቲን የተባለውን የኮለስትሮል መድኃኒት ሳያቋርጡ ይወስዱ ነበር፤ እንክብሉን በምትኩ የያዘ ሰው ይህን ልብ ይበል።

በአገራችን ያለውስ? በሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። ከሚረቡት ዓሦች አንዱ ቆሮሶ መልካም ምግብ ነው፤ ስቡ ግን ጥቂት በመሆኑ የባሕሩን ዘይት አይተካም። ከቡራዩ አልፎ በአምቦ መንገድ ላይ በሚገኘው በሆለታ የምርምር ማዕከል ደግሞ የተልባ ዝርያዎች ሲሻሻሉ ኖረዋል። በጾም ወራት ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ የምንጠጣው ተልባ ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ ሦስት ነው። ይሁን እንጂ ይህ የዕፅዋት ዓይነት ስለሆነ ሰውነታችን ወደ ባሕሩ ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ነው፤ ትራይግሊሰራይድንም እንደ ዓሣ ዘይት አያወርድም።