የኮንት ፎን ሮዘንና የአምስቱ ትናንሽ አውሮፕላኖች ዜና

በ1961 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፣ ግንቦት 14 ቀን በአቡነ አረጋዊ ዕለት፣ አምስት ትናንሽ አውሮፕላኖች ከዛፍ ጫፍ እምብዛም ከፍ ሳይሉ መጥተው በናይጄሪያ ምድር በፖርት ሃርኮርት የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ እሳት አዘነቡ። መሪያቸው የስዊድን መኳንንት ወገን የሆኑት ኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበሩ። ዕድሜያቸው 59 ዓመት ሆኖ ነበር። ስለ እኒህ ሰው ግን እኛ ኢትዮጵያውያን የምንናገረው ብዙ አለንና ነገሩን ከሥሩ እንጀምራለን።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ኮንቱ የ26 ዓመት ወጣት ሳሉ ለቀይ መስቀል አውሮፕላን እየነዱ ቁስለኛ ያመላልሱ ነበር። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር በመልካ ዲዳ የሰፈረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል የኢጣልያ አውሮፕላኖች በቦምብ ደበደቡት። ከዚያም በ1932 ዓ.ም. ፊንላንድ ከሶቪየት ጋር ስትዋጋ፣ የመንገደኛ አውሮፕላን ቦምብ ጣይ ተደርጎ ተለውጦላቸው ዘመቱ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላም ወደ አገራችን መጥተው እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ በቢሾፍቱ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ሲያሠለጥኑና ሲመሩ ኖሩ። በ1939 ዓ.ም. በግንቦት ወር ሳፊር በምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከስዊድን ተነሥተው፣ የትም ሳያርፉ ከ30 ሰዓት በላይ በርረው አዲስ አበባ ገቡ። መንገዱም ከ6,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

በእርሳቸው ዘመን ሳብ 17 የሚባሉት የስዊድን አውሮፕላኖች ለቢሾፍቱ ተገዙ። እነዚህ ሁለት ሰው የሚይዙ፣ በፕሮፔለር የሚበሩ፣ ከላይ ወደ ዒላማው ተወርውረው ቦምብ የሚጥሉ ነበሩ። ንስር ሊነጥቅ ሲወርድ እግሩን እንደሚዘረጋ፣ ሳብ 17ም ቁልቁል ሲወረወር ጎማውን አውርዶ ፍጥነቱን ይገታ ነበር። ኮንቱ በዝግታና በቅርበት የመምታትን ጥበብ ከዚህ ሳይማሩ አልቀሩም እላለሁ፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

ወደ ቢያፍራ ዜና እንመለስ። በ1959 ዓ.ም. ግንቦት 22 ቀን የምሥራቁ ክፍል ገዥ ኮሎኔል ኦጁኩ የናይጄሪያን ምሥራቅ ቆርሰው ቢያፍራ ብለው ሰየሙት። በሰኔም መጨረሻ ጦርነት ተጫረ። የናይጄሪያ ፌዴራል መንግሥት ቢያፍራን በየብስም በባሕርም ከበባት፤ ረኃብም ጸና፤ ከጥይት ይልቅ በረኃብ የሞተው በዛ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱን ወገን በአዲስ አበባ ለማስታረቅ ሲደክሙ፣ የቀድሞው የአየር ኃይላቸው መሪ ደግሞ በዚያው ወራት ከበባውን ጥሰው እህልና መድኃኒት ቢያፍራ ያስገቡ ነበር። ኮንቱም በረኃብ ያበጠውን የሕፃናቱን ሆድ አይተው የፌዴራሉ ጄቶች የሚያደርሱትን ጥፋት ሲመለከቱ፣ እህል ማመላለስ ብቻውን አልበቃቸውም።

ስለዚህ በማልሞ ከተማ የተሠሩ ኤም ኤፍ አይ 9 የሚባሉ አምስት የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ተገዙ። ለወሬው ያህል ለታንዛንያ የበረራ ትምህርት ቤት ናቸው ተባለ። ክንፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ሜትር ተኩል አይሞላም፤ ሞተራቸው የ100 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ ባዷቸውን ሲመዘኑ ከ350 ኪሎ አያልፉም። በጋቦን አረንጓዴ የመኪና ቀለም ተቀቡ፤ በየክንፉም ሥር ስድስት ስድስት ሮኬት ታጠቁ። ከአብራሪዎቹ ሦስቱ ስዊድናውያን፣ ሁለቱ የቢያፍራ ሰዎች ነበሩ። እነርሱንም ከጥይት የሚጋርዳቸው ስስ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። አገሩም የቢያፍራ ሕፃናት ብሎ ጠራቸው።

የአመታታቸው ነገር እንዲህ ነው። ከዛፉ ጫፍ ጋር እየተሻሹ ስለሚመጡ ድምፃቸው በጫካው ይዋጣል፤ የፀረ አውሮፕላን ተኳሹ ሰምቶ አፈሙዙን ሳያዞር እላዩ ላይ ይደርሳሉ። ማረፊያውን ሲያዩ ጥቂት ብቅ ይላሉ፤ ቀርበው የቆመውን አውሮፕላን ለይተው ሮኬቱን ይለቁና ወዲያው ወደ ዛፉ ይሰምጣሉ። የናይጄሪያ ሚግ 17 ፍጥነቱ ብዙ ስለሆነ እንዲህ ዝቅ ብሎ ቀስ የሚለውን ጠላት ፈልጎ ማግኘት አልቻለም። ደግሞ ትናንሾቹ አውሮፕላኖች ከሣር ሜዳ ይነሣሉና የሚደበደብ አስፋልት አልነበራቸውም። ግንቦት 14 ፖርት ሃርኮርትን፣ 16 የቤኒንን ከተማ፣ 18 ኤኑጉን፣ 20 የኡጌሊን የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ መቱ። ስንት አውሮፕላን እንደተቃጠለ የሁለቱ ወገን ቃል አልተስማማም፤ ከአምስቱ ግን በዚያ ሳምንት አንድም አልጎደለም።

ሆኖም የዚህን ድል ዋጋ መሰወር ለዜና ጸሐፊ አይገባም። ግንቦት 28 ቀን የናይጄሪያ ተዋጊ ጄት እህል የጫነ የቀይ መስቀል አውሮፕላን መትቶ ጣለ፤ የነበሩበትም ሁሉ ሞቱ። ብዙዎች የኮንቱ ጥቃት ብድር ነው አሉ። ቀይ መስቀልም የእህል በረራውን አቋረጠ። ሳይታጠቁ ያበሉት ኮንት ታጥቀው ባስነሡት ቁጣ የሚያበላው እጅ አጠረ፤ እኔ ጥፋቱን ሁሉ በእርሳቸው ላይ አልጭንም፤ የእህሉን አውሮፕላን የመታው ራሱ ይጠየቅበታል። ቢያፍራም ጥር 7 ቀን 1962 ዓ.ም. እጇን ሰጠች።

ቀጥሎ በወሎና በሌላውም አገር ረኃብ በጸና ጊዜ፣ በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. ኮንቱ እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ያመጡትም የኤም ኤፍ አይ 9 ታናሽ እኅት የሆነችውን ኤም ኤፍ አይ 15ን ነው። ሮኬት በነበረበት በክንፉ ሥር የእህል ከረጢት አንጠለጠሉ። መኪናም በቅሎም ወደማይደርስበት ገደል ዝቅ ብለው እየበረሩ፣ ከረጢቱ እንዳይፈነዳ አጠገብ ደርሰው ለገበሬው ይጥሉለት ጀመር። የመምታቱ ጥበብ ሳይለወጥ ጭነቱ ብቻ ተለወጠ።

በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ 6 ቀን የሶማልያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር፣ ኮንቱ ለእርዳታ ሥራ በጎዴ ነበሩና በዚያ ተገደሉ። ዕድሜያቸው 67 ነበር። የተቀበሩትም በአዲስ አበባ ነው።

በፕሮፔለር እየበረሩ የመምታት ነገር ግን ከኮንቱ ጋር አልቀረም። ናይጄሪያም ራሷ ከቢያፍራ 50 ዓመት አለፍ ብሎ፣ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በቦኮ ሐራም ላይ ለሚዘምተው እግረኛዋ ድጋፍ የሚሆኑ ሱፐር ቱካኖ የሚባሉ 12 አውሮፕላኖችን ከአሜሪካ ተረከበች። እነርሱም ባለ ፕሮፔለር ናቸው፤ የሞተራቸው ጉልበት 1,600 ፈረስ ነው፤ ሰፈራቸውም ካይንጂ ነው።