የፓርክ ጠባቂ ሥልጣን ከየት እስከ የት ነው?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አጥር የለውም። ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሳንቃበር፣ ግጭና ጭነቅ የሚዘልቅ መንገደኛ የእርሻው ማሳ አብቅቶ ፓርኩ የጀመረበትን ቦታ ላያስተውለው ይችላል። ያን ወሰን በየዕለቱ በእግሩ እየዞረ የሚያስከብረው የአካባቢው ሰው «ስካውት» የሚለው የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ስለ ሥልጣኑ ግን ብዙ የተዛባ ግምት አለ፤ አንዱ እንደ ዳኛ ይፈራዋል፣ ሌላው የቱሪስት አጃቢ ብቻ አድርጎ ይንቀዋል።

የሚጠብቀው ሀብት ቀላል አይደለም። ዋልያ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚገኘው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ ውጭ የሉም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ቆየ። ለዚህ ካበቁት ምክንያቶች መካከል የእርሻ መስፋፋትና ልቅ ግጦሽ ይገኙበታል።

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና እርሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ ቁጥር 163/2000 በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተከለከሉትን ዘርዝረዋል። ማደን ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የማያስተውሉት መሬት ማረስ፣ ከብት ማሰማራትና ውኃ ማጠጣት፣ ቀፎ መስቀልና ማር መቁረጥም በክልከላው ውስጥ መካተታቸውን ነው። አዋጁ ከ5 ሺህ እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እሥራት፣ አልያም ሁለቱንም የሚያስከትል ቅጣት አስቀምጧል።

ይህን ቅጣት የሚወስነው ግን ጠባቂው አይደለም። የእርሱ ሥራ መቃኘት፣ ወጥመድ መንቀል፣ ጥፋተኛውን እጅ ከፍንጅ መያዝ፣ መሣሪያውን ወይም ቆዳውን በማስረጃነት ማኖርና ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ነው። ፖሊስ ይመረምራል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከስሳል፣ ፍርድ ቤት ይፈርዳል። ጠመንጃውም የፍርድ ማስፈጸሚያ አይደለም፤ ሊተኮስ የሚችለው ሕግ በሚፈቅደው ልክ ሕይወትን ለመከላከል ብቻ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ይደነግጋል፤ ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ ግን በዚህ አይቆጠርም። መኪና በማይደርስበት ገደል ለተያዘ ሰው ይህች ሐረግ ትርጉም አላት።

መዝገቡ የሚጸናው ወይም የሚወድቀው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ቦታው ከወሰኑ ውስጥ መሆኑ ካልተመዘገበ፣ ሰዓቱ ካልተጻፈ፣ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ካልተፈረመበት፣ ተከሳሹ «ከፓርኩ ውጭ ነበርሁ» ሲል የሚረታው አይኖርም። ምስክር ማግኘትም ሌላ ፈተና ነው። ጠባቂው ብዙ ጊዜ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ የሚመሰክረው በጎረቤቱ፣ አንዳንዴም በዘመዱ ላይ ነው፤ ሲመሽ የሚመለሰውም ወደዚያው መንደር ነው። ስለ ጥበቃ ሥራ ሲነሣ ከደመወዝና ከጫማ ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

እሳት ሲሆን ደግሞ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ አይታይም። በመጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ፓርኩን የጎዳውን ቃጠሎ ለማጥፋት ከእስራኤል ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ቅጠልና አፈር ይዞ ከጠባቂዎቹ ጋር የተረባረበው የአካባቢው ገበሬ ነበር።

ሌላም የጥበቃ መንገድ አለ። በመንዝ ጓሳ ኅብረተሰቡ ራሱ ሣሩን ለዓመታት ከልሎ፣ በጋራ ውሳኔ ከፍቶ የሚያጭድበት ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። እዚያ ደንብ የጣሰ ሰው የሚጠየቀው በራሱ ወገን ፊት ነበር።

ከብቱ ወይም መሣሪያው የተያዘበት ነዋሪ የያዘውን ጠባቂ ስም፣ የተያዘበትን ቦታና ንብረቱ ለማን እንደተሰጠ ጠይቆ ማወቅ ይገባዋል። በቀበሌና በፓርኩ ስምምነት የተወሰነ ክፍያ አለ ከተባለም የሚከፈለው በደረሰኝ ነው። ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ጉቦ ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም በወንጀል ይጠየቁበታል።