የግጥሚያ ሰዓትና ሜዳ በቴሌቪዥን ምክንያት ስለ መለወጡ፤ በጅማና በካፋ ደጋፊዎች ዘንድ

በየአገሩ የእግር ኳስ ተመልካቾች ከሚያሰሟቸው አቤቱታዎች አንዱ፣ ግጥሚያ ለቴሌቪዥን እንዲመች ተብሎ ከተለመደው ቀንና ሰዓት ወደ ሌላ መዛወሩ ነው። በእኛ አገር የሆነው ግን ከዚህ ያለፈ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው አሠራር የተዛወረው ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ሜዳውም ጭምር ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ለውጡ እንዴት እንደ መጣ፣ ከጅማና ከካፋ በኩል ሆኖ ለሚመለከተው ደጋፊም ምን እንደ ነሣውና ምን እንደ ሰጠው መመርመር ነው። ካፋን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቦንጋ በአገሪቱ የመጨረሻው ከፍተኛ ሊግ የሚጫወት ክለብ ኖሯት አያውቅም። ስለዚህ የቦንጋ ተመልካች ታላቅ ግጥሚያ ለማየት ያለው መንገድ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ተሳፍሮ ጅማ መውረድ፣ ወይም ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ። በቴሌቪዥን ላይ የሚቀርበው ክስና ለቴሌቪዥን የሚቀርበው ምስጋና ከአንድ ሰው አፍ የሚሰማው እንዲህ ባለ ስፍራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የግጥሚያን ሰዓት ይወስን የነበረው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ የክለቦች ውድድር ከተጀመረበት ከ1936 ዓ.ም. አንሥቶ ለረጅም ዘመን ሰዓቱን የወሰኑት ፀሐይና ተመልካቹ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አብዛኞቹ ሜዳዎች መብራት ስላልነበራቸው ጨዋታው ጀንበር ሳትጠልቅ ማለቅ ነበረበት፤ ሕዝቡም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ከሥራም አርፎ ለመምጣት የሚመቸው በሰንበት ከሰዓት በኋላ ነበረ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ፣ ማለት ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደበት ቀን እሑድ ነበረ። ቴሌቪዥን ያን ጊዜ ገና ወደ አገራችን አልገባም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ በኋላም ቢሆን ለብዙ ዓመታት ካሜራው ወደ ሜዳው ይመጣ ነበር እንጂ ሜዳው ወደ ካሜራው አይሄድም ነበር። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደርጎ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስትረታ፣ የጋዜጠኛው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ በየቤቱ የገባው በዚሁ ዓይነት ነው። ያን ቀን ገና ያልተወለድነው እንኳ ድምፁን እናውቀዋለን።

በሌላው ዓለም ግን ጥያቄው ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር። በእንግሊዝ አገር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ብላክፑልና ቦልተን ያደረጉት ግጥሚያ በዚያ አገር የሊግ ታሪክ በቀጥታ በቴሌቪዥን የታየ የመጀመሪያው ነው። ለዚሁ ሲባል ከተለመደው የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ወደ ምሽት፣ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ከ50 ላይ፣ ተዛወረ። አርሰናልና ቶተንሃም ግን ካሜራ ወደ ግጥሚያቸው አይገባም ብለው እምቢ አሉ፤ ውሉም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። የሊጉ ጨዋታ ዳግመኛ በቀጥታ የታየው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ክለቦቹ እምቢ ያሉት ለደጋፊያቸው ምቾት አዝነው ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ ቤቱ ቀርቶ ሜዳው ባዶ ይሆናል ብለው ስለ ፈሩ ነው። በዚያ ዘመን የክለብ ገቢ በብዛት ከመግቢያ ትኬት ይገኝ ስለ ነበር የተመልካቹ ምቾትና የክለቡ ጥቅም አንድ ነበሩ። ሁለቱ መንገድ የለያዩት የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ከትኬቱ ገንዘብ ሲበልጥ ነው።

ይህ ነገር ወደ አገራችን ሲመጣ አንድ ልዩነት አለው። በኢትዮጵያ የትኬት ገንዘብ ለክለቦች በቂ መተዳደሪያ ሆኖ አያውቅም። አብዛኞቹን ክለቦች የያዟቸው የመንግሥት ድርጅቶችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። እንግዲህ ደጋፊው ተቀይሞ ቢቀር ክለቡ የሚጎዳው በክብሩ እንጂ እምብዛም በኪሱ አይደለም። የእንግሊዝ ተመልካች በ1960 የነበረው ኃይል ለኢትዮጵያ ተመልካች ከመጀመሪያውም አልነበረውም ማለት ነው፤ ኋላ የመጣው ለውጥ ያለ ብዙ ሙግት ያለፈው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

አሁን ያለው ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ሲቋቋም የመጀመሪያው አሸናፊ መብራት ኃይል ነበረ። ውድድሩ በደርሶ መልስ ይደረግ ስለ ነበር እያንዳንዱ ክለብ ግማሹን ጨዋታ በከተማው ያደርግ ነበር፤ የክፍለ ሀገር ከተሞችም ታላላቆቹን የአዲስ አበባ ክለቦች በዓይናቸው ለማየት በቁ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ይህ ዕድል በሙላት የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ2009 ዓ.ም. ጅማ አባ ቡና በሊጉ ተጫውቶ ወረደ፤ በ2010 ዓ.ም. በፈንታው ጅማ አባ ጅፋር ገባና በገባበት ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። (በነገራችን ላይ ቡናን ስሙ ያደረገው ታዋቂው ክለብ ኢትዮጵያ ቡና የሚኖረው ቡና በማይበቅልበት በአዲስ አበባ ነው። ካፋ ቡና የተባለው የእኛው ክለብ ደግሞ በታችኛው በከፍተኛ ሊግ ሲጫወት ኖሯል።) ከቦንጋ እስከ ጅማ ያለው መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጧት ተሳፍሮ፣ ጎጀብን ተሻግሮ፣ ምሳውን ጅማ በልቶ ግጥሚያውን ማየት፣ ማታም ወይም በማግሥቱ መመለስ ይቻል ነበር። ከጭሪ ወይም ከዋቻ ለሚነሣ ሰው መንገዱ ይረዝማል፤ ሆኖም የማይሞከር አልነበረም። ቀኑ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ሰዓቱም ከቀትር በኋላ መሆኑ ለዚህ ጉዞ ዋናው ነገር ነበረ፤ ተማሪው ከትምህርቱ፣ መምህሩ ከክፍሉ፣ ነጋዴውም ከሱቁ ሳይጎድል ደርሶ መመለስ የሚችለው በዚያ ቀን ብቻ ነውና።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሊጉን ያለ አሸናፊ አቋረጠው። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ የፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር የቴሌቪዥን መብቱን ለ5 ዓመት 22.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በሚያህል ዋጋ ለመልቲቾይስ ሰጠ፤ ጨዋታዎቹም በሱፐርስፖርት መስመር በዲኤስቲቪ መታየት ጀመሩ። ውድድሩ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሲከፈት ክለቦቹ በየከተማቸው መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰብስበው ጥቂት ሳምንት ከቆዩ በኋላ በአንድነት ወደ ሌላ ከተማ የሚሄዱበት ሥርዓት ተተከለ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በየተራ አስተናገዱ፤ በትግራይ በተነሣው ጦርነት ምክንያት 3 ክለቦች ስላልተገኙ የተጫወቱት 13 ነበሩ፤ ዋንጫውንም ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ።

የዚህን ሥርዓት አሠራር ያልተረዳ ሰው ቅሬታውንም አይረዳውም። አንድን ግጥሚያ በቀጥታ ለማሳየት ካሜራዎች፣ የማሠራጫ መኪና፣ ብዙ ሠራተኛና የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ያስፈልጋሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜና እሑድ በ7 ወይም በ8 ከተሞች መዘርጋት አይቻልም። በአንድ ሜዳ ላይ ተክሎ ግጥሚያዎቹን ተራ በተራ ማስገባት ግን ይቻላል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የአንድ ሳምንት ጨዋታ በሁለት ቀን አያልቅም፤ ወደ ሥራ ቀን ይፈስሳል። መብራት ባልነበረበት ሜዳ በቀን ሁለት ጨዋታ ለማድረግ አንዱ ከረፋዱ 4 ሰዓት መጀመር ነበረበት፤ መብራት በተተከለበት ደግሞ ሁለተኛው ወደ ማታ ይሄዳል። በሥራ ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት የሚጀመር ግጥሚያ ለማን እንደ ታሰበ ለመገመት ብዙ መመራመር አያሻም።

ለፍርድ ያህል፣ ጥፋቱን ሁሉ በቴሌቪዥን ላይ መጣል ትክክል አይሆንም። ቡድኖችን በአንድ ስፍራ የመሰብሰቡ አሳብ የመጣው ከወረርሽኙ ጋር ነው። ከዚያም በፊት በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በጸጥታ ምክንያት የአማራና የትግራይ ክለቦች ግጥሚያዎች ይራዘሙና ወደ ገለልተኛ ሜዳ ይወሰዱ ነበር። ብቁ የሆነ ሜዳ ማጣቱም አለ፤ ብሔራዊ ቡድናችን በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው በባለሜዳነት ተቆጥሮ ነው፤ ሜዳው ግን በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነበረ። ሆኖም ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ሥርዓቱ ጸንቶ መቆየቱ ለጊዜያዊ ችግር ብቻ የቆመ እንዳልነበረ ያስረዳል። ገንዘቡ የተከፈለው ለሚታይ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታውም ካሜራው ባለበት መገኘት አለበት።

ከሁሉ የከፋው ዕጣ የጅማ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሊጉ በሐዋሳ፣ በአዳማ፣ በባሕር ዳር ሲዘዋወር ጅማ ከአስተናጋጆቹ መካከል አልነበረችም። ከ4 ዓመት በፊት የአገሪቱን ዋንጫ የወሰደው ክለብ ያን ዓመት ሙሉ በገዛ ከተማው አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ቆይቶ በመጨረሻ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። የወረደው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ቡድኑ ሌላም ድካም ነበረበት። ነገር ግን የጅማ ሕዝብ ክለቡ ሲወርድ በሜዳው ተገኝቶ ለማበረታታትም ሆነ ለመቆጣት ዕድል አላገኘም። በሌላ በኩል አስተናጋጆቹ ከተሞች ሆቴላቸው ሞላ፤ የራሳቸውም ክለብ ለተወሰኑ ሳምንታት በሕዝቡ ፊት ተጫወተ። እዚህ ላይ የሰዓቱ ቅሬታ ከሜዳው ቅሬታ ጋር ይገናኛል። አስተናጋጅ ከተማ ያለው ደጋፊ ሰዓቱ አይመቸኝም ይላል፤ አስተናጋጅ ያልሆነ ከተማ ያለው ደጋፊ ግን ስለ ሰዓት የሚናገረው ነገር እንኳ የለውም።

ቦንጋ ስንመጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የጅማው ጉዞ ቀረ፤ በፈንታው የዲኤስቲቪ ቤቱ አለ። እነዚህ ቤቶች በአብዛኛው ቆርቆሮ ክዳን፣ በተርታ የተደረደረ አግዳሚ ወንበርና አንድ ስክሪን ያላቸው ናቸው፤ በደጃቸው የዕለቱ ግጥሚያዎች ከነሰዓታቸው ተጽፈው ይሰቀላሉ፤ ገቢው ጥቂት ብር ከፍሎ ይገባል። ቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስን ወይም የፋሲልን ጨዋታ በዓመት አንድ ቀን ጅማ ሄዶ ያይ የነበረ ሰው ከለውጡ በኋላ ከፈለገ ሁሉንም ለማየት ቻለ። ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም፤ ወደ ጅማ ለመሄድ አቅም ያልነበረው ወጣት፣ ወላጆቿ መንገድ የማይፈቅዱላት ልጅም፣ የአገራቸውን ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ያዩት በዚህ መንገድ ነው።

ነገር ግን ስክሪኑ አንድ ነው። የአገር ውስጡ ግጥሚያ ከእንግሊዙ ጋር ሰዓት ሲጋጭ ባለቤቱ ብዙ ሰው የሚያመጣለትን ይከፍታል፤ ብዙ ሰው የሚያመጣው ደግሞ አርሰናልና ማንችስተር ዩናይትድ ነው። እንግዲህ ለካሜራ ሲባል ሜዳውን የለቀቀው ጨዋታ እዚህ ደርሶ ስክሪኑንም ይለቃል። የእንግሊዙም ቢሆን ሰዓቱን የሚወስነው ለእኛ አስቦ አይደለም። በለንደን የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግጥሚያ በበጋቸው ለቦንጋ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው 12 ሰዓት ላይ ይውላል፤ የሰኞ ማታው ደግሞ ክረምታቸው ሲገባ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ይዘገያል። የቦንጋ ተማሪ የእንግሊዞች ሰዓት መቼ እንደሚዞር የሚያውቀው ከጂኦግራፊ ትምህርት ሳይሆን ከዚሁ ነው።

በጀርመን አገር ደጋፊዎች የሰኞ ግጥሚያን በግልጽ ተቃውመዋል። በፌብሩዋሪ 2018 እ.ኤ.አ. የፍራንክፈርት ደጋፊዎች ከላይፕሲግ ጋር በተደረገው የሰኞ ጨዋታ ላይ የቴኒስ ኳሶች ወደ ሜዳ ወርውረው ጨዋታውን አስተጓጉለዋል፤ በዚያው ዓመት ሊጉ የሰኞውን ጨዋታ ለማስቀረት ወሰነ፤ ከ2021 ጀምሮም ቀረ። የጀርመን ደጋፊ ይህን ያደረገው በሜዳው ስለ ተገኘ ነው። የእኛ ደጋፊ ቅሬታውን የሚወረውርበት ሜዳ ከአጠገቡ ተወስዷል፤ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ በሥራ ቀን ከሚደረግ ጨዋታ መቅረቱን ማንም እንደ ተቃውሞ አይቆጥርለትም። በካሜራው በኩል የሚታየው ባዶ ወንበር ብቻ ነው፤ ባዶ ወንበር ደግሞ የተቀየመ ሰው ይሁን ግድ የሌለው ሰው ያልተቀመጠበት አይለይም።

አንድ ነገር ቀርቷል። በአንድ ከተማ ተሰብስቦ የመጫወቱ ልማድ ከፕሪሚየር ሊጉ አልፎ ወደ ታችኛው ከፍተኛ ሊግም ወርዷል፤ ይኸውም ካፋ ቡና ሲወዳደርበት የኖረው ደረጃ ነው። በዚያ ደረጃ አብዛኞቹ ግጥሚያዎች በቴሌቪዥን አይታዩም። ለካሜራ ተብሎ የተሠራው ሥርዓት ካሜራ በሌለበትም ሠርቷል ማለት ነው፤ ምክንያቱም ለአወዳዳሪው አካል ወጪውና ጥበቃው ይቀልለታል። የዚህ ሊግ ደጋፊ ውጤቱን የሚያውቀው እንደ ቀድሞው ዘመን ከሬዲዮ ወይም ስልክ ከሚደውልለት ሰው ነው።